ባዶው መደርደሪያ

ሰኞ፣ ጥር 18

አዲስ ደብተር። የቀድሞውን የተውኩት ሻይ ስለፈሰሰበት ነው፤ ገመናዬ ስለበዛበት አይደለም።

ከኔ በኋላ የሚመጣ ይወቀው ዘንድ፦ እኔ አምሳሉ፣ ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ በደብረ ማርቆስ ከተማ የሠላሳ ነጫጭ አይጦች አለቃ ነኝ። ከኅዳር ጀምሮ የጀርባቸውን ፀጉር እየላጨሁ በሳምንት ሁለት ቀን ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል እቀባቸዋለሁ። ዕጢ ሲያወጡ ለመመረቂያዬ መልካም ምልክት ነው። ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው መልሱን ሲሰማ ወሬ ይለውጣል፤ አልፈርድበትም።

አይጦቹ በሁለት መደርደሪያ ተከፍለዋል። የላይኞቹ ዐሥራ አምስት ቅጠል የተዘፈዘፈበት ውሃ ይጠጣሉ፤ የታችኞቹ ዐሥራ አምስት ንጹሕ ውሃ ብቻ። የላዩ «ቅጠል»፣ የታቹ «ባዶ» ይባላል። ቅጠሉ የአማካሪዬ የዶክተር የኔአለም ነው። ስድስት ዓመት ተከታትለውታል። እንዳይሰረቅባቸው ስለሚፈሩ ስሙን እዚህም አልጽፍም፤ በከተማው አጥር ሁሉ ላይ የበቀለ መሆኑን ደፍሮ የነገራቸው የለም።

የኔ ጥያቄ አጭር ነው። ሰውነትን የሚጠብቁት ሴሎች ዕጢ ውስጥ ሲገቡ ይዋጋሉ ወይስ ይተኛሉ? ቅጠሉስ ይቀሰቅሳቸዋል? ይህችን ለመመለስ ሁለት ዓመት።

የአይጥ ቤቱ ሠራተኛ ጋሽ አበረ ናቸው። የደብረ ወርቅ ሰው፣ በልጅነታቸው ቁም ጽሕፈት ተምረው ብራና ሲገለብጡ ያደጉ፤ ዛሬ በየሰኔው በሚታደስ ኮንትራት የአይጥ ምግብ ያቀርባሉ። እሳቸው መግበው መዝገቡ ላይ ይጽፋሉ። እኔ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት መጥቼ፣ በዓይኔ አይቼ፣ ከሥሩ እፈርማለሁ። «በየጠዋቱ» ሰፊ ቃል ነው።

ዓርብ፣ ጥር 22

መዝገቡን ፈረምኩ። የሰኞን፣ የማክሰኞን፣ የረቡዕንና የሐሙስንም አብሬ። በሁለት ዓይነት እስክሪብቶ። ሳይንስ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

እማዬ ከደምበጫ ደወለች።

«የምታክማቸው አይጦች ዳኑልህ?»

«አላክማቸውም እማዬ። እንዲታመሙ ነው የማደርግ።»

ድስት ስትከድን ተሰማኝ።

«የኔ ጎተራ አይጥ እንደ ወይፈን ደልቦ ጤፉን ይጨርሰዋል» አለች። «መንገዱ ሲከፈት መጥተህ እሱን ብታሳምምልኝ ምን ነበረበት?»

የምርምር ጥያቄ ሆኖ ቢቀርብ ከኔ ጥያቄ ይሻላል።

ሰኞ፣ ጥር 25

ነነዌ ገባ። ቸኩያለሁ፤ ሁለት መስመር ብቻ።

ጋሽ አበረ በር ላይ ያዙኝ። «እነዚህ የታቾቹ፣ መድኃኒት የላቸውም ያልከኝ ለጊዜው ነው?»

«እስከ መጨረሻው ነው።»

«ማን ፈረደባቸው?»

«ማንም አልፈረደም ጋሼ። ኮምፒውተር ዕጣ አወጣ።»

«ዕጣ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ዮናስም ባሕር የተጣለው በዕጣ ነው።»

ሳቅ ብዬ አለፍኩ። ባጃጁ እየጠበቀኝ ነበር። ሁለት መስመር ያልኩት አልሆነም።

ዓርብ፣ ጥር 29

ፈረምኩ። የሳምንቱን።

ጋሽ አበረ «ማስታወሻ» የሚለውን ዓምድ በጥቃቅን ቁም ጽሕፈት መሙላት ጀምረዋል። ፊደላቸው እንደ ተሰለፈ ሠራዊት ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይወጣም። ውበቱን አደነቅኩና ከሥሩ ፈረምኩ። ማንበቡን ለሌላ ቀን።

እሑድ፣ የካቲት 8

ቅበላ። መንገዱ ተከፍቶ ደምበጫ ወርጃለሁ። በግ ታረደ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ይታያል የሚባለው አጎቴ ስለ ሥራዬ ንግግር አደረገ፤ «መንግሥት የጤነኛ አይጥ እጥረት የለበትም፣ የታመመ ነው የሚያጥረው» ብሎ ደመደመ። ሁሉም ሳቀ፤ እማዬ ብቻ ወጥ ጨመረችልኝ።

እስከ ረቡዕ እዚሁ ነኝ። መዝገቡ አይጨነቅም፤ ዓርብ ዓርብ ነው የምንገናኘው።

ዓርብ፣ የካቲት 27

ሦስት ሳምንት ሳልጽፍ አለፈ። የሚጻፍ ስላልነበረ ነው። ኬሚካሉን ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እቀባለሁ፤ በዐሥር ሰዓት ገብቼ በዐሥር ተኩል እወጣለሁ። የሚዛኑ ባትሪ ካለቀ ወር ሆነው፤ ስለዚህ አልመዘንኳቸውም። ባትሪ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይሸጣል። ይህን የጻፍኩት ለታማኝነት ያህል ነው።

ፈረምኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

የመለኪያ ቀን። ከሰዓት በኋላ ዶክተር የኔአለም ራሳቸው መጡ፤ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው።

የቅጠሎቹ ዕጢ ሽምብራ ያክላል። አንዳንዱ ባቄላ።

የባዶዎቹ ከምስር አያልፍም። ሁለቱ ላይ ጭራሽ የለም።

ዶክተር መለኪያውን ከእጄ ወስደው እንደገና ለኩ። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ። ሽምብራው ሽምብራ፣ ምስሩ ምስር ሆነ።

«መድኃኒት የጠጣው ታሞ ያልጠጣው ዳነ» አሉ። ለኔ አይደለም፤ ለግድግዳው ነው የነገሩት።

ባዶዎቹ ቀጠን ብለዋል። ግን ሣጥኑን ስከፍት ይዘላሉ።

ከየመደርደሪያው አምስት አምስት አይጥ ለማይክሮስኮፕ ወሰድን። ይህ ሥራ ሲጀመር ጋሽ አበረ ሁልጊዜ ውጭ ይወጣሉ። ዛሬ ሲመለሱ ባዶ የቀሩትን ሣጥኖች አጠቡ፤ ሳይታዘዙ፣ ሁለት ጊዜ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ቀኑን ሙሉ መብራት ነበረ፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። አንገቴ የሌላ ሰው ሆኗል።

መጀመሪያ የቅጠሎቹን ዕጢ አየሁ። ማክሮፌጆች ሞልተውታል። እነዚህ ትልልቆቹ ጠባቂዎች ናቸው፤ ሥራቸው የባዕድን ነገር መዋጥ ነው። ግን አይውጡም። ተመቻችተው ተቀምጠዋል። ዶክተር ክፍል ውስጥ እንዳስተማሩን፣ ማክሮፌጅ ዕጢ ውስጥ ሲከርም ወገን የሚለውጥበት ጊዜ አለ፤ ለዕጢው የደም ሥር ያበጅለታል፣ ሊዋጉ የመጡትንም ሌሎች ሴሎች ዝም ያሰኛቸዋል። እንግዲህ ይታሰብ፦ ለጥበቃ ተልኮ፣ ቀለቡን እየበላ፣ ሳያይ «ሁሉ ደህና ነው» የሚል ጠባቂ። እንዲህ ያለውን ከንቱ ፍጡር በዓይኔ በማየቴ ተናደድኩ። ጠላትስ ጠላት ነው፤ የሚያቃጥለው ተረኛው ጠባቂ ነው።

ከሰዓት በኋላ የባዶዎቹን አየሁ። እዚያ ሌላ ሀገር ነው። ሊምፎሳይቶች፣ ትንንሾቹ ገዳይ ሴሎች፣ ዳር ላይ ሳይቆሙ መሐሉ ድረስ ገብተዋል። ቆጠርኩ። በቅጠሎቹ ዕጢ በአንድ ዕይታ በአማካይ ዘጠኝ፤ በባዶዎቹ ሠላሳ አንድ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሠላሳ አንድ ቆንጆ ቁጥር ነው። የመጣው ግን ከማይገባው መደርደሪያ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ዶክተር የኔአለም ቢሯቸው አስቀመጡኝ። በር ዘጉ።

«ምልክቶቹን አቀያይረሃል?»

«አላቀያየርኩም ዶክተር።»

«ቅጠሉን ለታቾቹ ሰጥተህ ይሆን?»

«አይደለም።»

«ምግባቸው አንድ ነው?»

«አንድ ነው። መዝገቡ ላይ አለ።»

«በየቀኑ ታያለህ?»

«እፈርማለሁ» አልኩ። የተጠየቅኩት ሌላ፣ የመለስኩት ሌላ። አላስተዋሉም፤ ወይም አስተውለዋል።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስድስት ዓመት» አሉ ቀስ ብለው። «ቅጠሉ ካልሠራ አልሠራም፤ እሱን እቀበላለሁ። ያልገባኝን ግን አልቀበልም። ከሐሙስ ጀምሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት እዚያ ተገኝ። ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚጠጡ፣ ማን እንደሚነካቸው እይ።»

ደረጃው ላይ መሳፍንትን አገኘሁት። አብሮኝ ይማራል፤ እሱ የሚመረምረው የአፈር ትል ነው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ዘና ያለ ነው። ነገርኩት።

«የላዩን ወረቀት ታች ለጥፍ፣ የታቹን ላይ» አለኝ። «ዶክተሯ ይደሰታሉ፣ አንተ ትመረቃለህ። አይጥ ስሙ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ተቆጣሁት። ቤት ድረስ እያሰብኩት ሄድኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

በመጀመሪያ፦ ሁለት ሰዓት ላይ ተገኝቻለሁ፤ የሰኞን፣ የማክሰኞንና የረቡዕን ፊርማም ትናንት ማታ አሟልቻለሁ። ይመዝገብልኝ።

የላይኛው መደርደሪያ አይጦች ይቆረጥማሉ። የታችኛው የምግብ ማስቀመጫ ሁሉ ባዶ ነው። ፍርፋሪ እንኳ የለም። ጋሽ አበረ ወለሉን እየጠረጉ ነበር።

«ጋሼ፣ የታችኞቹ ምግብ የታል?»

«ሰዓቱ ገና ነው።»

«የምን ሰዓት?»

«ዘጠኝ ነዋ። በሁዳዴ በስንት ሰዓት ሊበሉ ኖሯል?»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«አይጥ ነው የሚያስጾሙት?»

«የነነዌ በሬ ዲያቆን ነበር?» አሉ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው። «ንጉሡ ሰውም ከብትም ይጹም አለ፤ ከተማይቱ ተረፈች። የላዮቹ ቅጠል አላቸው። እነዚህ ምን አላቸው? ሞት ተቀብተው፣ መድኃኒት በዕጣ ተከልክለው። በእጄ ያለውን አደረግኩላቸው። በነነዌ ሦስት ቀን ሞከርኳቸው፣ ቻሉት። ሁዳዴ ሲገባ ቀጠልን። ማታ ስወጣ ምግቡን አነሳለሁ፣ በዘጠኝ ሰዓት እመልሳለሁ። ውሃ አልከለከልኩም። ቅዳሜና እሑድም ቀኑን ሙሉ ይበላሉ፤ ሕግ አለው።»

«ለምን አልነገሩኝም?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አይጦቹ ሳይቀሩ ዞሩ።

ጋሽ አበረ ግራ ገባቸው። «ነገርኩህ እንጂ። በየቀኑ ነው የነገርኩህ።»

መዝገቡን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ገለጡልኝ። ጥር 25፦ ባዶ መደርደሪያ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመዋል። ጥር 26፦ ባዶ መደርደሪያ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመዋል። እንዲህ እያለ እስከ ትናንት። ከእያንዳንዱ ሥር፣ ረጅም ጭራዋን እየጎተተች፣ የኔ ፊርማ።

«ሠላሳ አንድ ቀን» አሉ። «አንድም ቀን ይተዉት አላልከኝም።»

ዓርብ፣ መጋቢት 18

ጥፋቱ የጋሽ አበረ ነው። ግልጽ ነው። አንድ ሠራተኛ ያለ ፈቃድ ምግብ ሊከለክል አይችልም። ፈቃድ ማለት ደግሞ በጽሑፍ የቀረበ፣ ኃላፊው አይቶ ከሥሩ የፈረመበት…

ሌላ አማራጭ ላስብ።

መሳፍንት «አዲስ መዝገብ ይጻፍ» አለ። ቅጹ ይታተማል፤ የሚያስፈልገው የጋሽ አበረ እጅ ብቻ ነው። ሄድኩ። በመንገድ ላይ የምለውን አዘጋጀሁ፦ ጾም የሚለውን ይተዉት። አምስት ቃል አይሞላም።

ስደርስ ለሣጥኖቹ አዲስ ሰጋቱራ እያነጠፉ ነበር። ቀና ብለው «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ትናንት ተቆጣህ ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉኝ።

«መዝገቡ ቆሽሿል ጋሼ» አልኩ። «በንጹሕ ይገልብጡልኝ።»

«በደስታ» አሉ።

እንደገባቸው እርግጠኛ ነኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ይገባቸዋል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 24

አልገባቸውም።

ቁም ጽሕፈት የተማረ ሰው ገልብጥ ሲሉት ይገለብጣል። ነጥብ አይጨምርም፣ ነጥብ አይጥልም። ጋሽ አበረ ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ እየተቀመጡ፣ መዝገቡን ከነሙሉ ጾሙ በአዲስ ቅጽ ላይ አስፍረውታል። ድሮ አጎንብሶ ይነበብ የነበረው አሁን ከበሩ ላይ ይነበባል። ለየሳምንቱ መጀመሪያ እንደ ብራና ጌጥ ሐረግ ስለውለታል። በፊርማዬ ቦታ «ፈርሞበታል» ብለው ጽፈዋል።

ሲጨርሱ እኔን አጡኝ። ለዶክተር የኔአለም ሰጧቸው።

ዓርብ፣ መጋቢት 25

ዶክተር ሁለቱንም መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው ጠበቁኝ።

«እንዲህ ያማረ ሰነድ በዚህ ሕንፃ ውስጥ አይቼ አላውቅም» አሉ። «ስላማረ አነበብኩት። አንተስ አንብበኸዋል?»

ሐረጎቹን መቁጠር ጀመርኩ።

«ረሃብ ዕጢን እንደሚያዘገይ በሌላ ሀገር የተጻፈ አለ። አንተ ያየኸው እሱን ይሆናል። ይሆናል ነው የምልህ፤ ምክንያቱም አላየኸውም።» መነጽራቸውን አደረጉ። «እስከ ትንሣኤ ደብዳቤ አምጣልኝ። ወይ ሠራተኛው ከኔ ተደብቆ አደረገው ትላለህ፤ ኮሚቴው አንተን ይምርሃል፣ የእሳቸው ኮንትራት ሰኔ ላይ አይታደስም። ወይ ሳላይ ፈረምኩ ትላለህ፤ ዓመት ትደግማለህ፣ ማስጠንቀቂያው ፋይልህ ውስጥ ይቀመጣል። የሆነውን አንተ ታውቃለህ።»

ቅጠላቸውን አላነሱም። መስኮቱ ላይ በዕቃ የተተከለው ውሃ ጠምቶት ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 29

ሕማማት። ከተማው ስግደት ላይ ነው። እኔ ደብዳቤ ላይ።

የመጀመሪያውን ዓይነት ጻፍኩ። ጥሩ ወጣልኝ። «ከዕውቀቴ ውጭ» የሚል ሐረግ አለው፤ የሚያሳዝነው ቃል በቃል እውነት መሆኑ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 1

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ዶክተር ስሄድ በአይጥ ቤቱ በኩል አለፍኩ። መንገዱ በዚያ ስለሚያጥር ነው። አያጥርም።

ጋሽ አበረ ከጽዳት ሠራተኛዋ ከመሲ ጋር ደጅ ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

«ሳይስቁብዎ ቀሩ?» ትላለች መሲ።

«እኔም የፈራሁት እሱን ነበር። የተማረ ሰው መቼም ለአይጥ ጾም አዝኖ አይፈርምም ብዬ ነበር። ይኸ ልጅ ግን አንድ ቀን ሳይሳለቅ፣ በየቀኑ ከቃሌ ሥር ስሙን አኖረልኝ። ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ መሲ፤ የጻፍኩትን ያነበበልኝ እሱ ነው።»

ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 2

ሁለተኛውን ደብዳቤ ሰጠሁ። የመጀመሪያው ላይ ቀለም ስለፈሰሰ ነው።

ዶክተር አነበቡት፣ አጠፉት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «ለአቶ አበረስ ነገርካቸው?» አሉ።

ይህ በደብዳቤው ውስጥ ይካተታል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዛሬ ስቅለት ነው፤ ጋሽ አበረ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ደስ አለኝ። ከዚያ ደስ ስላለኝ አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ለጋሽ አበረ ነገርኳቸው። የታችኞቹ አይጦች ከሁዳዴ ወጥተው ቀኑን ሙሉ ይቆረጥማሉ፤ ድምፁ ክፍሉን ሞልቶታል።

«አላነበብከውም?»

«አላነበብኩም።»

«አንዱንም?»

«አንዱንም ጋሼ።»

ወደ ሣጥኖቹ ዞሩ። «ታዲያ ከማን ጋር ነበር የምነጋገር?» አሉ።

ወለሉ ላይ የወደቀ ምግብ ለቅሜ ሣጥን ውስጥ መለስኩ።

መጥረጊያቸውን እያነሱ፣ «ሠላሳ አንድ ፊርማ» አሉ። «እጅህን አላመመህም?»

ዓርብ፣ ሚያዝያ 16

የዶክተር የኔአለም ውሳኔ በጽሑፍ ወጣ። ሙከራው ከሀ ይጀመራል፤ አዲስ አይጦች፣ ሦስት መደርደሪያ። ቅጠል፣ ባዶ፣ ጾም። ዕጣው በኮምፒውተር። ጋሽ አበረ በባዶዎቹ ላይ ምሕረት እንዳያደርጉ ተለምነዋል፤ «ከተነገረኝማ» ብለው ተቀብለዋል። ኮንትራታቸው ይቀጥላል።

ሁለተኛው አንቀጽ፦ አይጦቹን የሚመግበው ተማሪ አምሳሉ፤ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት አይቶ የሚፈርመው አቶ አበረ።

እማዬን ዓመት መድገሜን ነገርኳት። «አይጦቹ አሸነፉህ?» አለች። ያን ያህል አልራቀችም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 19

ሁለት ሰዓት ከስድስት ደረስኩ። ጋሽ አበረ ወንበር ላይ ነበሩ፤ መዝገቡ ጉልበታቸው ላይ። «ከስድስት» ብለው ጻፉ።

የላዩን መገብኩ። የመሐሉን መገብኩ። የታቹ ጾም ነው፤ አለፍኩት። ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ይፈርሙልኝ ጋሼ፣ ሁለት ተኩል ላይ ክፍል አለኝ።»

«ምን ብዬ?»

«በሉ ብለው።»

ቀና አሉ። «አልበሉም እኮ። አንተ ሰጠሃቸው እንጂ።»

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። አዲሶቹ አይጦች ለቤቱ እንግዳ ናቸው፤ ጥግ ጥግ ይዘዋል። አንዷ ወጣ ብላ ምግቡን አሸተተችና ተመለሰች። ጋሽ አበረ እስክሪብቶውን አልከፈቱም። እኔም ሌላ ወንበር ስቤ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ሁለት ተኩል አለፈ። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል አንደኛዋ መቆርጠም ጀመረች።

«አንድ» አሉ ጋሽ አበረ።